ውቅያኖስ ሞቀ ማለት ዝናብ ቀረ ማለት አይደለም

በሚቲዮሮሎጂ ሙያ ለምትጀምሩ ልጆቼ፣

አዳማ ተቀምጬ ስለ ፓስፊክ ውቅያኖስ ስጽፍላችሁ ፈገግ የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። የክረምታችን ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የመካከለኛውና የምሥራቁ ፓስፊክ ገጽ ከወትሮው በ0.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ወይም ከዚያ በላይ ሞቆ ለወራት ሲቆይ ኤል ኒኞ ይባላል፤ አየሩ በዚያ በኩል በብርቱ ሲነሣ በእኛና በሕንድ በኩል ወደ መውረድ ያዘነብላል፣ የክረምቱን ደመና የሚያግዘው ከላይ ከምሥራቅ የሚነፍሰው ፈጣን ነፋስም ይዳከማል። የ2007 ዓ.ም. ክረምት እንዲህ ነበር፤ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰዎችም የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆኑ።

ይህን ብቻ ይዛችሁ ገበሬ ፊት እንዳትቆሙ። እኔ ቆሜ አፍሬአለሁ። የ1989 ክረምት ሲወጣ ከአዳማ ወጣ ብለው የሚኖሩ አንድ አዛውንት፣ «ልጄ፣ ከእንግዲህ ይዘንባል እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። «የኤል ኒኞ ዓመት ነው አባቴ፣ አያስቡ» አልኳቸው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ግን ዝናቡ አላባራ አለ። የታጨደው ጤፍ ገና አልተከመረም ነበር፤ እጄን ነዶው ውስጥ ስሰድ ይሞቃል፣ ያቆጠቆጠው ፍሬ ጣቴ ላይ ይጣበቃል። አዛውንቱ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ያላየሁት የሕንድ ውቅያኖስን ነው። በዚያ ዓመት ወደ እኛ ያለው ምዕራባዊ ክፍሉ ሞቆ፣ በምሥራቅ ያለው የሱማትራ (የኢንዶኔዥያ ደሴት) ዳርቻ ቀዝቅዞ ስለነበር እርጥበቱ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ተገፋ። ሞንሱን የሚባለው የሕንድ የክረምት ዝናብም ኤል ኒኞው ብርቱ ሆኖ ሳለ ያልጎደለው በዚሁ የተነሣ ነው የሚሉ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው። ይህ የሁለት ዳርቻ መበላለጥ ራሱን የቻለ ስም ያገኘው ከሁለት ዓመት በኋላ ቢሆንም፣ ለእኔ ማመካኛ አይሆንም፤ የዝናብ መለኪያው ጠዋት ጠዋት እየነገረኝ ነበርና።

የኤል ኒኞ ተቃራኒ፣ ማለትም ያው የፓስፊክ ገጽ ከወትሮው ሲቀዘቅዝ የምትባለው ላ ኒናም እንዲሁ ናት። ለመካከለኛውና ለሰሜኑ ክረምት ብዙ ጊዜ ደግ ብትሆንም፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረና አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ የከሸፉት እሷ በቆየችባቸው ዓመታት ነው። ስለዚህ ስሙን ከመጥራታችሁ በፊት የትኛው አካባቢና የትኛው ወቅት እንደሆነ ለዩ። «ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ 40 በመቶ ነው» የሚለውንም «እንዲህ ካሉ አሥር ዓመታት በአራቱ ያንሳል» ብላችሁ አስረዱ። ወቅታዊ ትንበያ ሰጥታችሁም አትጥፉ፤ የየአሥር ቀኑን መግለጫ ይዛችሁ ተመለሱ፣ ይልቁንም ከመስከረም በኋላ፣ ጤፉ ለአጨዳ ሲደርስ።