ውዝፍ ያለበት ማነው?

ልጆቼ፣ ባለፈው ቅዳሜ ፒያሳ ማኪያቶዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። አጠገቤ ሁለት ወጣቶች ስለ ኔቶ፣ ስለ አሜሪካና አውሮፓ የጦር ኪዳን፣ ይከራከራሉ። አንደኛው "አውሮፓውያን ለአሜሪካ ዕዳቸውን አልከፈሉም" ይላል። ጣልቃ ልገባ ቃጣኝና ተውኩት። ሽማግሌ ሳይጠሩት ሲገባ ደስ አይልም። እዚህ ልጻፈው።

ዕድሜዬን የፈጀሁት በሒሳብ ሥራ ነው። ስለ ክፍያ ስትሰሙ መጀመሪያ "ለማን ነው የሚከፈለው?" በሉ። በ2014 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) የኔቶ አባላት ዌልስ ላይ ተሰብስበው፣ በአሥር ዓመት ውስጥ የመከላከያ ወጪያቸውን ወደ አገራዊ ምርታቸው 2 በመቶ ለማድረስ ተስማሙ። ብሩ ኔቶ ካዝና አይገባም፤ እያንዳንዱ ለገዛ ጦሩ የሚያወጣው ነው። የጋራ ካዝና አለ፣ ግን ከዚህ አንጻር ኢምንት ነው። በ2025 ሔግ ላይ ደግሞ ግቡ እስከ 2035 ድረስ 5 በመቶ ማድረስ ሆነ።

ገንዘቡ ይህን ያህል ነው። እኔን የሚከነክነኝ ሌላው ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰፈራችን ዕድር ገንዘብ ያዥ ነኝ። አንድ አባል አለን፤ ወር ሲገባ መዋጮው እጄ ላይ ናት። ድንኳን ሲተከል ግን የለም። ቀብር አይወጣም። ቅጣቱንም ሳያንገራግር ይከፍላል። መዝገቤ ላይ እንደሱ የጸዳ ሰው የለም። ድንኳኑን የሚተክለው፣ ሌሊቱን ከሐዘንተኛ ጋር የሚያድረው የሦስት ወር ውዝፍ ያለበት ጎረምሳ ነው። ባለዕዳው የቱ ነው? ሁለት ስብሰባ ተጨቃጭቀንበት አልቋጨነውም።

ኔቶም እንዲሁ ነው። "አንዱ ሲነካ ሁሉም" የሚለው አንቀጽ 5 እስካሁን የተጠራው አንዴ ነው፤ በ2001 አሜሪካ ስትመታ። በኋላ ዴንማርክ አፍጋኒስታን ላይ ከ40 በላይ ወታደሮች አጣች። በዚያ ዘመን 2 በመቶ አልሞላችም ነበር። በመቶኛ ብቻ ካያችኋት ውዝፍ ያለባት ናት።

ወደ እኛ ስትመጡ ይብሳል። ሶማሊያ ለዘመተው የአፍሪካ ኅብረት ጦር አበል ይከፍል የነበረው የአውሮፓ ኅብረት ነው። ሬሳው የሚገባው ግን ወታደር የላኩት ኡጋንዳና ቡሩንዲ፣ ካምፓላና ቡጁምብራ ነበር። በ2016 የአውሮፓ ኅብረት አበሉን 20 በመቶ ቀነሰ። ያኔ የአፍሪካ መሪዎች ኪጋሊ ላይ ኅብረታችንን በራሳችን ገንዘብ ለማቆም ከገቢ ዕቃ 0.2 በመቶ ቀረጥ እንሰብስብ ብለው ወሰኑ። ሁሉም አልሰበሰበም። በሜክሲኮ በኩል ስታልፉ የምታዩት የአፍሪካ ኅብረት ረጅም ሕንፃም ቢሆን በ2012 ቻይና ሠርታ የሰጠችን ነው።