ገመድና ድንጋይ ይዛችሁ ውጡ

ልጆቼ፣

ሰሞኑን ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ተቀምጬ የአሳ ሾርባ ስጠጣ አንድ ተማሪ ስለ መርከብ ኑሮዬ ጠየቀኝ። ብዙ ካወራሁት በኋላ፣ «ጋሼ፣ እኛ እኮ ባሕር የለንም፤ ውቅያኖስ ማጥናት ምን ይሠራልናል?» አለኝ። ጥያቄው ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

ዕድሜዬን የጨረስኩት ንግድ መርከብ ላይ ነው። የሌሊት ተረኛ ስሆን ከጥልቀት መለኪያው አልለይም ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። ከመርከቡ ሆድ ድምፅ ወደ ታች ይለቃል፤ ድምፁ ወለሉን ነክቶ ይመለሳል። ባሕር ውስጥ ድምፅ በሰከንድ ወደ 1500 ሜትር ይጓዛል። ደርሶ መልሱ 2 ሰከንድ ከፈጀ፣ ወለሉ 1500 ሜትር ላይ አለ ማለት ነው። ወደብ አካባቢ ቁጥሩ 40፣ 60፣ 120 እያለ ይሄዳል። ከዚያ ወለሉ ይርቅና የእኛ መሣሪያ ማንበብ ያቅተዋል። መስኮቱ ባዶ ይሆናል። ያን ባዶ መስኮት ባየሁ ቁጥር ልቤ ይመታ ነበር። ከእግሬ ሥር ያለውን ምናልባት ማንም አይቶት አያውቅም።

ዛሬም በዘመናዊ የድምፅ መሣሪያ በደንብ የተለካው የውቅያኖስ ወለል ሲሶ አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ1977 ተመራማሪዎች ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ጋላፓጎስ ደሴቶች አጠገብ ፍል ውሃ ፍለጋ ወረዱ። 2500 ሜትር ላይ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ጨለማ ውስጥ፣ ሕይወት ሞልቶ አገኙ። ከመሬት ውስጥ በሚወጣ ኬሚካል የሚኖሩ ባክቴሪያዎች፣ በእነሱ የሚኖሩ ግዙፍ ትሎች! በጉዞው ላይ አንድም የሥነ ሕይወት ባለሙያ አልነበረም። ያገኙት የድንጋይ ተመራማሪዎች ናቸው። ይህን ሳወራ አሁንም ፀጉሬ ይቆማል።

ለልጁ ጥያቄ ደግሞ መልሱ ዝናባችን ነው። የ2007 ዓ.ም. ክረምት የከዳን በኤል ኒኞ ነበር። ፓስፊክ ውቅያኖስ ሞቀ፤ እዚህ የገበሬው ማሳ ደረቀ። ያን ውሃ የሚለካ የእኛ ልጅ ቢኖር ደስ ይለኛል።

መርከብ እስክታገኙ አትጠብቁ። ሐይቃችን አለ። ገመድ ላይ በየሜትሩ ቋጠሮ ቋጥሩ፤ ጫፉ ላይ ድንጋይ እሰሩ። 25 ሜትር ይበቃል። ቦታውን የሚያውቅ ባለጀልባ ለምኑ፤ ተንሳፋፊ ጃኬት ሳትለብሱ ግን እንዳትገቡ፣ አደራ። ጥልቀቱን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን ደብተር ላይ ጻፉ። በጠዋት ውጡ። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሣል፤ ጀልባውን ሲገፋው ገመዱ ያዘነብላል፣ ልኩም ይበዛባችኋል።