መንጋጋ ሲሰበር ብረቱ የት ይገባል? ከወሎ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው በመንጋጋና በፊት ቀዶ ሕክምና ነው። ስለ ተሰበረ መንጋጋ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከደሴም፣ ከባቲም፣ ከወልድያም ጥያቄው ጎረፈ። ደጋግመው የመጡትን መርጫለሁ።

ከኮምቦልቻ፦ ወንድሜ ከባጃጅ ወድቆ መንጋጋው ከኋላ በኩል፣ ከጆሮው በታች ተሰበረ። ያስገቡለት አንዲት ቀጭን ፕሌት (አጥንቱ ላይ በብሎን የምትታሰር ብረት) ብቻ ናት። አገጩ ለተሰበረው ለጎረቤታችን ልጅ ግን ሁለት ነው የገባለት። ወንድሜን ቸል ብለውት ይሆን?

አብሽሪ እህቴ፣ አይደለም። ለጋ አርጩሜ ስታጎብጪ አንዱ ጎን ይወጠራል፣ ሌላው ይጨመቃል። መንጋጋም እንደዚያ ነው። ስናኝክ በጥርስ በኩል ያለው የላይኛው ጠርዝ ሊከፈት ይታገላል፣ የታችኛው ጠርዝ ይጨመቃል። ስለዚህ ፕሌቷ የሚወጠረው ጎን ላይ ከተቀመጠች ትንሽ ብትሆንም ትበቃለች። የተጨመቀውን ጎን አጥንቱ ራሱ ይሸከመዋል።

ይህን አሠራር በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስፋፉት ፈረንሳዮቹ ሚሽሌ እና ሻምፒ ናቸው። ሻምፒ በስትራስቡርግ ፕሌት የሚቀመጥባቸውን መስመሮች አጥንቱ ላይ ለይቶ አሳየ። በወንድምሽ ዓይነት ስብራት መስመሩ ከመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ጎን ባለው የአጥንት ጠርዝ ላይ ያልፋል። አገጭ ላይ ግን አጥንቱ መወጠር ብቻ ሳይሆን ይጠማዘዛል። ለዚህ ነው እዚያ ሁለት ፕሌት፣ አንዱ ከአንዱ በታች፣ የሚታሰረው።

ሁለት ቢሆንለት ይሻል ነበር ብለሽ አትጨነቂ። አሜሪካዊው ኤሊስ በዚሁ የኋላ ስብራት ላይ ሁለቱንም ዘዴ ሞክሯል። በ1994 ያወጣው ጥናት ሁለት ትንንሽ ፕሌት ከገባላቸው ሰዎች 28 በመቶው ላይ ችግር እንደመጣ ያሳያል። በ1996 አንድ ብቻ ሲያስገባ ወደ 16 በመቶ ወረደ። ብረት በበዛ ቁጥር ሥጋው ከአጥንቱ ላይ ይበልጥ ይገለጣል። እኔም እዚያ ቦታ ላይ፣ ስብራቱ ንጹሕ ከሆነ፣ አንዷን ነው የምመርጠው።

ከወረኢሉ፦ አባቴን በቅሎ አገጫቸውን ረግጣቸው ወጌሻ አሸቷቸው። እብጠቱ ቀነሰ። ግን አፋቸውን ሲገጥሙ የፊት ጥርሳቸው አይገናኝም።

ወንድሜ፣ ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል ውሰዳቸው። አገጭ ሲመታ ኃይሉ ወደ ላይ ይሄድና ጆሮ ሥር ያለውን መገጣጠሚያ ይሰብራል። በሁለቱም በኩል ከተሰበረ የኋላ ጥርሶች ቀድመው ይጋጠማሉ፣ የፊቱ ክፍት ይቀራል። የምትነግረኝ ልክ ይህንኑ ነው። የአገጩ አጥንት ራሱም መታየት አለበት፣ መንጋጋ ብዙ ጊዜ በአንድ ቦታ ብቻ አይሰበርም።

ወጌሻን አልንቅም፣ ወለምታ ስንቱን አሽተው አድነዋል። የተሰበረ መንጋጋ ግን አይታሽም። አጥንቱ ይንሸራተታል። ስብራቱ ጥርስ ባለበት ቦታ ከሆነ ደግሞ ድዱ ተቀድዶ ምራቅ ወደ አጥንቱ ይገባል፣ ያመረቅዛል። ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ በጠማማው መያያዝ ስለሚጀምር ሥራው ይከብዳል። በራጅ ወይም በሲቲ ስካን ይታያሉ። ምናልባት ፕሌት ላያስፈልጋቸው ይችላል፣ የመገጣጠሚያ ስብራት አንዳንዱ ጥርስን በሽቦና በላስቲክ በመያዝ ይድናል። ምላሳቸው ሥር ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው ግን አንድ ሰዓትም አትጠብቅ።

ከደሴ፦ ፕሌት ካለ ጥርስን በሽቦ ማሰር ለምን አስፈለገ?

ይህን ጥያቄ በጣም ነው የወደድኩት። የሥራው ልብ ፕሌቱ አይደለም፣ ንክሻው ነው። መጀመሪያ የላይና የታች ጥርስ እንደ ድሮው ይገጠምና በሽቦ ይታሰራል። ፕሌቱ የሚታሰረው ከዚያ በኋላ ነው። ፕሌቱም በአጥንቱ ቅርፅ ልክ መታጠፍ አለበት። ካልገጠመ ብሎኑ ሲጠብቅ አጥንቱን ወደ ራሱ ይስበዋል፣ ንክሻው ይዛባል። ራጁ ያማረ፣ ሰውየው ግን እንጀራ ማኘክ ያቃተው እንዳይሆን እዚህ ላይ መጠንቀቅ ነው። ድሮ ሽቦው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆይ ነበር። አሁን ብዙ ጊዜ እዚያው ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ይፈታል።

ከሐይቅ፦ እናቴ ጥርሳቸው ካለቀ ቆይቷል። ወድቀው መንጋጋቸው ተሰበረ። ለትልቅ ሰው ወፍራም ብረት አይከብዳቸውም?

ለእናትህ ወፍራሙ ነው የሚሻላቸው። ጥርስ ከወለቀ በኋላ አጥንቱ ይሳሳል፣ ሸክም የሚካፈል አጥንት አይኖርም። ስለዚህ ብረቱ ብቻውን ሙሉውን ይሸከማል፣ በስብራቱ ግራና ቀኝ ቢያንስ ሦስት ሦስት ብሎን ይዞ። አጥንቱ ለተፈረካከሰ ወጣትም እንደዚሁ ነው።

ከቆቦ፦ ከንፈሬ ከተሠራሁ በኋላ ደነዘዘ።

የታችኛው ከንፈር ነርቭ በመንጋጋ አጥንት ውስጥ ነው የሚያልፈው። ስብራቱም ሥራውም ሊነካው ይችላል። ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ እየነቃ ይመጣል። ትኩስ ነገር እንዳያቃጥልህ ተጠንቀቅ። ለሐኪምህም ንገረው።

ከከሚሴና ከላሊበላ፦ ምን እንብላ? ጾምስ?

ለ6 ሳምንት ያህል ለስላሳ ምግብ። አጥሚት፣ ሾርባ፣ ቀጠን ያለ ሽሮ፣ የተፈጨ ምስር፣ የሱፍ ፍትፍት። ወተትና እንቁላል ከተገኘ እሰየው። ከምግብ በኋላ ለብ ባለ የጨው ውሃ መጉመጥመጥ አይቀርም። ጫትና ሲጋራ ይቅር። ጫት ማኘክ ያልደረቀውን ስብራት ሲያነቃንቅ ነው የሚውለው፣ ሲጋራ ደግሞ ቁስሉ እንዲያመረቅዝ በር ይከፍታል። ስለ ጾሙ ሼኻችሁን ወይም የነፍስ አባታችሁን አማክሩ፣ በሁለቱም ዘንድ ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ።

ከመርሳ፦ ብረቱ ይወጣል? ኤምአርአይ (በማግኔት የሚሠራ ምርመራ) ብነሳስ?

ካላመረቀዘ፣ ካልላላ፣ ካልቆረቆረ ለአዋቂ ሰው ዕድሜ ልክ ሊቆይ ይችላል። ልጆች ላይ ግን አጥንቱ ገና ስለሚያድግ ብዙ ጊዜ ይወጣል። ብረቱ የሚሠራበት ቲታኒየም በማግኔት አይሳብም። ኤምአርአይ ትነሳለህ፣ ብረቱ አካባቢ ያለው ምስል ብቻ ይደበዝዛል። ከመግባትህ በፊት ለባለሙያው ንገረው፣ ሲወጡ የሰጡህን የሕክምና ወረቀትም ይዘህ ሂድ።