«ሴቶችና አካል ጉዳተኞች ይበረታታሉ» ብለሽ ለጥፈሽ ማንም ያልመጣበት ምክንያት

እህቴ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት፣ በሁለት መስመር የሚመለስ ስላልሆነ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ ነው። ሰበታ 80 ሰራተኛ ያለው ፋብሪካ ኤችአር (የሰው ሀይል አስተዳደር) ሆነሽ ገባሽ፣ ባለቤቱ ሴቶችም አካል ጉዳተኞችም የአካባቢው ልጆችም ይቀጠሩ አለሽ፣ አንቺም ማስታወቂያው ግርጌ ላይ "ሴቶችና አካል ጉዳተኞች ይበረታታሉ" ብለሽ ለጠፍሽ፣ የመጡት ግን እንደድሮው ወንዶች ብቻ ሆኑ፣ "ፍላጎቱ የላቸውም ማለት ነው ወይ?" ነው ያልሽው። ፍላጎትማ አላቸው። እኔ ገላን ካርቶን የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ኤችአር ላይ ስሰራ 9 አመቴ ነው፣ ያቺን አረፍተ ነገር እኔም 3 አመት ሙሉ ጽፌያታለሁ፣ አንድ ሰው አላመጣችልኝም።

ለምን መሰለሽ፣ ስራ ፈላጊ ማስታወቂያ ሲያነብ ግርጌው ጋ አይደርስም፣ መስፈርቱን ሲያይ ነው ትቶት የሚሄደው። እስቲ የራስሽን አውጪና እይው። የእኛ ላይ "10ኛ ክፍል ያጠናቀቀ፣ 2 አመት የስራ ልምድ፣ ዕድሜ 20-30፣ ሙሉ ጤነኛ፣ ተያዥ ማቅረብ የሚችል" ይል ነበር። ለምን ስራ? ካርቶን አጣጥፎ ለማጣበቅና ለማሰር። በሁለት ሳምንት የሚለመድ ስራ ነው። 2 አመት ልምድ ያለው ማነው ካልሽ ከዚህ በፊት በሩ የተከፈተለት ሰው ነው፣ እሱ ደሞ ወንድ ነው። እግሩን የሚያነክስ ልጅ "ሙሉ ጤነኛ" የሚለውን ካነበበ በኋላ ግርጌ ያለችውን "ይበረታታሉ" በምን ያምናታል?

ከሁሉም የሚብሰው ግን ተያዥ ነው። ተያዥ ማለት ቋሚ ስራ ያለው፣ ከመስሪያ ቤቱ የደሞዝ ደብዳቤ የሚያጽፍልሽ፣ አንቺን የሚያምን ሰው ማለት ነው። ከክፍለ ሀገር መጥታ ቱሉ ዲምቱ ከሶስት ልጆች ጋር አንድ ክፍል የተከራየች ልጅ ማን ይያዝላት? ከአረብ ሀገር ተመልሳ ከቤተሰቧ የተጣላችውስ? ወላጅ የሌለውስ? አንዷን አልረሳትም፣ ፈተናውን ከሁሉም በላይ አልፋ "ተያዥ ይዘሽ ነይ" ስላት እሺ ብላ ወጣች፣ ተመልሳ አልመጣችም፣ ስልኳን ብደውል ዝግ ነው። አሁን ተያዥ የምንጠይቀው ገንዘብ ያዥና እቃ ግምጃ ቤት ብቻ ነው። ለሌላው መታወቂያ በቂ ነው፣ የገላን ካልሆነ ማለቱንም ትተን ፋይዳ ካለው ከየትም ይምጣ እንቀበላለን። ማሽኑ ዳር ቆሞ ካርቶን የሚያስር ሰው ምን ይዞ እንዳይጠፋ ነበር ተያዥ የምንለው? አስቤበት አላውቅም ነበር፣ ስገባ የነበረ ፎርም ስለሆነ ብቻ ነው የቀጠልኩት።

ደሞ የት ነው የለጠፍሽው? የፋብሪካው በር ላይና ቴሌግራም ላይ ከሆነ የሚያየው ያው በሩ ላይ ስራ ሲጠብቅ የሚውለው ወንድ ነው። እኛ ወፍጮ ቤት፣ ቦኖ ውሀ የሚቀዳበት፣ ቤተክርስቲያንና መስጊድ በር ላይ ለጠፍን፣ የእድር ሰብሳቢዎችን አነጋገርን፣ ሴቶቹ የመጡት ያኔ ነው። መስማት ለተሳናቸው ደሞ የራሳቸው ብሔራዊ ማህበር አዲስ አበባ አለ፣ እነሱን ጠይቂ።

ቋንቋውንም አትርሺ። ፋብሪካው የቆመበት መሬት የገበሬ መሬት ነበር፣ ልጆቹ አጥር ለአጥር ሆነው ስራውን ሌላ ሰፈር ሲወስደው ያያሉ፣ ይሄ ቅሬታ እውነተኛ ነው። ማስታወቂያውን በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም አውጪው፣ ኢንተርቪው ላይም ቋንቋውን የሚችል ሰው ይኑር። አንዲት ልጅ በአማርኛ ስጠይቃት አንገቷን ደፍታ "አዎ" "አይ" ብቻ ስትል "አትሆንም" ብዬ ልጽፍባት ስል የስቶር ሰራተኛችን "አካም" ብሎ ጀመረላት፣ ልጅቷ ቀና ብላ የአባቷን ወፍጮ ቤት ሂሳብ እሷ እንደምትይዝ፣ ሞተሩ ሲበላሽም ምኑን እንደምትፈታ ታወራ ጀመር። ዛሬ የፈረቃ ሃላፊ ናት። ደሞ "አገርሽ የት ነው?" የሚለውን ጥያቄ ከኢንተርቪው አውጪው፣ ለጨዋታ ብለሽም አትጠይቂ፣ ተጠያቂው እንደ ጨዋታ አይሰማውም።

መስማት የተሳነው ልጅ መጀመሪያ ሲመጣ ከወንድሙ ጋር ነበር። እኔ ወንድሙን እያየሁ "ምን መስራት ይችላል? ይግባባል?" እላለሁ። ልጁ ጠረጴዛዬን በጣቱ መታ መታ አደረገና ወረቀቴን ስቦ "እኔን ጠይቂኝ" ብሎ ጻፈ። አፈርኩ፣ ግን ተማርኩ፣ አሁን ማንም አስተርጓሚ ይዞ ቢመጣ ዓይኔ ከአመልካቹ ላይ አይነሳም። ወረቀት ግን ለሁሉም አይሆንም፣ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ ስለሆነ መስማት የተሳነው ሁሉ አማርኛ እንደልቡ ይጽፋል ማለት አይደለም። ለደህንነቱ ያደረግነው ቀላል ነው፣ ፎርክሊፍቱ ላይ ወደኋላ ሲሄድ የሚበራ መብራት አስገጠምን፣ መሄጃውን ቢጫ ቀለም ቀባን፣ ማሽን ሲቆም ከደወሉ ጋር መብራት እንዲበራ አደረግን። ኮምፕሬሰሩ ሲነሳ ደወሉን ማንም ስለማይሰማ መብራቱ ለሁላችንም ጠቀመን።

አሁን እስካሁን የሚቆጨኝን ልንገርሽ። ዊልቸር የሚጠቀም ልጅ ቀጥረን ነበር፣ የምርት ምዝገባ ኮምፒውተር ላይ፣ ቢሮው ምድር ቤት ነው፣ ጠረጴዛው ልኩ ነው፣ እኔ ሁሉን ያስተካከልኩ መስሎኝ ነበር። ስራው በጣም ጥሩ ነው። በሁለተኛው ወር የጽዳት ሰራተኛችን ጠራችኝና "ይሄ ልጅ ውሀ እንደማይጠጣ ታውቂያለሽ?" አለችኝ። መጸዳጃ ቤቱ ግቢው ጥግ ነው፣ መንገዱ ጠጠር፣ በሩ ላይ ሁለት ደረጃ። ልጁ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት መጸዳጃ ቤት ላለመሄድ ሲል ውሀ ሳይጠጣ ይውላል፣ ለምሳ ራሱ ደረቅ ዳቦ ነው የሚበላው። ለማንም አልተናገረም፣ "ገና ሳልለምድ ጥያቄ አበዛ" እንዳይባል። እኔ ስሚንቶና ሰራተኛ እስካስፈቅድ ሶስት ሳምንት ፈጀብኝ፣ መወጫው ተሰርቶ ሳያልቅ ልጁ ታሞ ስራውን ለቀቀ። አሁን መወጫው አለ፣ በሩም ሰፍቷል፣ ከሱ በኋላ የገቡት ሁለት ልጆች ይጠቀሙበታል። እሱ ግን አልተመለሰም። ስለዚ ከመቅጠርሽ በፊት ከበሩ እስከ መጸዳጃ ቤቱ፣ እስከ ምግብ ቤቱ ያለውን መንገድ እይው፣ ከቀጠርሽ በኋላ ደሞ "ችግር አለ?" ብለሽ አትጠይቂ፣ "የለም" ነው የሚሉሽ፣ "መጸዳጃ ቤት ስትሄድ በየት በኩል ነው የምትሄደው?" ብለሽ ጠይቂ።

ምግብ ቤቱን ካነሳሁ አይቀር፣ እኛ ጋ ሙስሊም ሰራተኞች ምሳ ዕቃቸውን ይዘው መጋዘን ጀርባ ነበር የሚበሉት፣ ማንም አላባረራቸውም፣ ግን ክበቡ ውስጥ ስጋው የክርስቲያን፣ ጭልፋው አንድ። አሁን ሽሮና አትክልት ስጋ ነክቶት በማያውቅ ለብቻ ድስት በየቀኑ ይሰራል፣ ለጿሚም ለሙስሊምም ይሆናል፣ ሁሉም አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው። አርብ የምሳ ሰዓት ለጁምዓ እንዲመች አስረዘምነው፣ በረመዳን ክርስቲያኖቹ የማታውን ፈረቃ ይለውጡላቸዋል፣ ታህሳስ 19 እና ሐምሌ 19 ቁልቢ ለሚሄዱት ደሞ ሙስሊሞቹ ይሸፍናሉ። እኔ ያዘዝኩት አይደለም፣ እነሱ ናቸው የተስማሙት፣ እኔ ፈረቃ መቀየሪያ ፎርሙን ብቻ ነው ያቀለልኩት።

ባለቤቱ ወጪ ካለሽ ህጉንም አሳይው። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በአካል ጉዳት፣ በኤችአይቪ ማዳላት ይከለክላል። የአካል ጉዳተኞች የስራ ስምሪት አዋጅ 568/2000 ደሞ የምርጫ መስፈርቱ ራሱ እድል የሚያጣብብ ከሆነ አድልዎ ነው ይላል፣ ተመጣጣኝ ማመቻቸት አለማድረግም እንደዛው፣ ስለዚ "ሙሉ ጤነኛ" የሚለው ለማሽን ስራም ቢሆን በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። ሴት "ወልዳ 4 ወር ትጠፋለች" ካለሽ አዎ፣ ከመውለዷ በፊት 30 ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከነደሞዟ መብቷ ነው፣ ግን ጥቂት ብር ጨምሮለት ጎረቤት ፋብሪካ የሄደውን ወንድ ቁጠርና ንገረኝ በይው፣ እሱ አይመለስም፣ እሷ ትመለሳለች። ነፍሰጡር ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንደማትመደብም ፈረቃ ስታወጪ ያዢው።

ፎርማኖቹ ላይ ብዙ አልጽፍም፣ "ሴት ማሽን ላይ አትሆንም" ያለኝን ፎርማን አልተከራከርኩትም፣ ሁለት ሴቶች ሰጥቼው 60 የስራ ቀን ሙከራውን በየሳምንቱ በቁጥር እንዲመዘግብ አደረግኩት፣ ከዛ በኋላ ራሱ ነው ሶስተኛዋን የጠየቀኝ።

ሴቶቹ የሚለቁት ግን በስራው አይደለም፣ ማታ ነው። ከኛ በር እስከ አስፋልት ጭቃና ጨለማ ነው፣ ሰርቪሱ አስፋልት ላይ ነበር የሚያወርዳቸው፣ ከዛ ውስጥ ለውስጥ በእግር፣ ባጃጅም በዛ ሰዓት የለም። ሁለት ልጆች በአንድ ወር ለቀቁ፣ ምክንያት "የግል ጉዳይ" ብለው ጻፉ። ሰርቪሱን እስከ ቤታቸው በር ካደረግነው በኋላ ነው መልቀቁ የቆመው። ማስታወቂያሽን በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ በአፋን ኦሮሞ የጻፍነውን እኔም እልክልሻለሁ፣ ግን አዲሱን ከመለጠፍሽ በፊት አንድ ቀን አምሽተሽ፣ የማታ ፈረቃው ሲወጣ ከሴቶቹ ጋር እስከ ቤታቸው በእግርሽ ሂጂ።