ወፏ ስትነሳ የምይዘው ጭራዋን ብቻ ነው

ጥያቄ፦ 300 ሚሊሜትር ሌንስ አለኝ። ወፍ ቅርንጫፍ ላይ ቁጭ ስትል ጥርት አድርጌ አነሳታለሁ። ብድግ ስትል ግን ወይ ክንፏ ይደበዝዛል፣ ወይ ጭራዋ ብቻ ይቀራል፣ ወይ ባዶ ሰማይ። ነጭ ወፍ ከሆነች ደግሞ ላባዋ ጠፍቶ ወረቀት ትመስላለች። 600 ሚሊሜትር ልግዛ?

መልስ፦ ለጊዜው ገንዘብዎን ያቆዩት። በ300 ያመለጠች ወፍ በ600 የባሰ ታመልጣለች። ሌንሱ በረዘመ ቁጥር የሚያሳይዎ ሰማይ ይጠብባል፤ ወፏን ፈልጎ ማግኘቱ ራሱ ሥራ ይሆናል።

የደበዘዘው ክንፍ የሻተር ፍጥነት ጉዳይ ነው፤ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት የሰከንድ ክፍልፋይ። ክንፋቸውን ረጋ አድርገው ለሚመቱ ትላልቅ ወፎች 1/1600 ይሞክሩ፣ ለፈጣኖቹ 1/2500 ወይም 1/3200። ውሃ ውስጥ ለሚወረወረው ዓሣ አጥማጅ ወፍ 1/4000ም አይበዛበትም። የሌንሱ ማረጋጊያ የእጅዎን መንቀጥቀጥ እንጂ የወፏን ክንፍ አያቆምም። ሻተርና አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት) ራስዎ ይያዙ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ለአውቶ ይተዉለት። 3200 ሲያነቡ አይደንግጡ። አይኤስኦ ሲበዛ የሚመጣው ሸካራ ፎቶ በኮምፒውተር ይለዝባል፤ የደበዘዘ ክንፍ ግን መድኃኒት የለውም። ፎከሱ ደግሞ የምትንቀሳቀሰውን ወፍ እየተከተለ የሚያጠራው ተከታታዩ ላይ ይሁን፤ በአንዳንዱ ካሜራ ኤኤፍ-ሲ፣ በካነን ሰርቮ ይባላል።

ጭራዋ ብቻ የሚቀረው ግን በካሜራው ጥፋት አይደለም። ስትነሳ አይተው ነው የሚጫኑት፤ ጣትዎ እስኪታዘዝ እሷ ሄዳለች። ከመነሳቷ በፊት ሰውነቷን ይዩ። የተዝናናች ወፍ ላባዋን ነፋ አድርጋ ትቀመጣለች። ልትሄድ ስትል ላባዋ ይሰበሰባል፣ ወደፊት ታዘነብላለች፣ እግሯን አጠፍ ታደርጋለች። ብዙዎቹ ደግሞ ከመብረራቸው በፊት ኩሳቸውን ጣል ያደርጋሉ። አይሳቁ! እኔ ጣቴን የሻተሩ ቁልፍ ላይ የማሳርፈው ያኔ ነው። እግሯ ሲታጠፍ ተጭነው ይቆዩ። ሌንስዎ ዙም ከሆነ ቀድመው ወደ ሰፊው መለስ ያድርጉት፤ የተዘረጋ ክንፍ ከተጠበቀው በላይ ቦታ ይወስዳል።

ነፋሱንም አይርሱ። ወፍ አብዛኛውን ጊዜ የምትነሳውም የምታርፈውም ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብላ ነው። ስለዚህ ነፋሱ ከጀርባዎ ይንፈስ፤ ፊቷን ይዛ ወደ እርስዎ ትመጣለች። ፀሐይም ከጀርባዎ ከሆነች ዕድለኛ ነዎት። ሁለቱ ካልተስማሙ እኔ ነፋሱን እመርጣለሁ።

ወደ ነጯ ወፍ ስንመጣ፣ ካሜራዎ ከኋላዋ ያለውን ጥቁር ዛፍ አይቶ ነው ብርሃን የሚጨምረው። የብርሃን ማስተካከያውን ወደ ‎-1 ይቀንሱ። ብሩህ ሰማይ ከኋላዋ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፣ ወፏ ትጠቁራለች፤ ያኔ ወደ ‎+1 ይጨምሩ። ብርሃኑ የማይለዋወጥ ከሆነ አይኤስኦውንም አንዴ ቆልፈው ይገላገሉ። በሮው (ካሜራው ሳይጨምቀው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ካነሱ ትንሽ ስህተት ይቻላል። ብርሃን በዝቶበት ሙሉ በሙሉ የነጣ ላባ ግን በሮውም አይመለስም።

አንድ የሚያናድደኝን ነገር ልጨምር። እንድትበር ብለው የሚያጨበጭቡ፣ ጠጠር የሚወረውሩ አሉ። የደነገጠች ወፍ ከእርስዎ ነው የምትሸሸው፤ ስለዚህ የምትሰጥዎ ጀርባዋን ነው። ጎጆ አጠገብ ከሆነች ደግሞ ካሜራውን ዝቅ አድርገው ራቅ ይበሉ። እናቲቱ ስትሸሽ እንቁላሉ ይቀዘቅዛል፣ ወይም ሌላ አዳኝ ያገኘዋል።