«ዛሬ ዜሮ ነኝ» እና ሌሎች የእግር ተጓዦች አባባሎች፦ ጥያቄና መልስ

አሜሪካ ውስጥ አፓላቺያን ትሬይል በሚባለው ረጅም የእግር መንገድ ላይ፣ በተለያየ ጊዜ ብዙ ሳምንታት ተራምጃለሁ። መንገደኞቹ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። እንግሊዝኛ አቀላጥፎ የሚናገር ሰው እንኳ የመጀመሪያ ቀን ግራ ተጋብቶ ነው የሚውለው። ያልገባችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ አላሳፈራችሁኝም።

ጥያቄ፦ ስሩ-ሃይክ የሚሉት ከተራ ሃይኪንግ በምን ይለያል?

መልስ፦ በርዝመቱ። አንድን ረጅም መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ በ12 ወር ውስጥ መጨረስ ነው። አፓላቺያን ጆርጂያ ካለው ስፕሪንገር ተራራ ይነሳና 14 ግዛቶችን አቋርጦ ሜይን ውስጥ ካታዲን ተራራ ላይ ያልቃል። 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አብዛኛው ሰው ከ5 እስከ 7 ወር ይፈጅበታል። በአንድ ጉዞ ጨረስኩት ብሎ መጀመሪያ የተናገረው ኧርል ሼፈር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1948። ያን ያህል ጊዜ የሌለን ደግሞ መንገዱን ቆርሰን ቆርሰን፣ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እንሄዳለን። ሴክሽን ሃይከር ይሉናል።

ጥያቄ፦ ኖቦ እና ሶቦስ?

መልስ፦ አቅጣጫ ነው። ወደ ሰሜን የሚሄደው ኖቦ፣ ወደ ደቡብ የሚሄደው ሶቦ። ከመሃል ጀምሮ አንዱን ጫፍ ነክቶ፣ ከዚያ ተመልሶ ሌላውን ግማሽ የሚጨርሰው ፍሊፕ-ፍሎፕ ይባላል። ኖቦዎች በብዛት በመጋቢትና በሚያዝያ ስለሚነሱ ተጠጋግተው ነው የሚጓዙት። ያ መንጋ «በብል» ይባላል። እንቅልፍ የምትወድ ከሆነ ከበብሉ ራቅ፤ መጠለያው ውስጥ የሚያንኮራፋው ሰው ብዛት ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ከመንገድ ላይ «ዛሬ ዜሮ ነኝ» ብሎ ጻፈልኝ። ደነገጥኩ። ገንዘብ አልቆበት ይሆን?

መልስ፦ አይዞሽ፣ እንዲያውም ደስ ብሎት ነው። ዜሮ ማለት ዜሮ ኪሎ ሜትር የተሄደበት ቀን ነው። ከተማ ገብቶ ገላውን ታጥቦ፣ እግሩን ሰቅሎ ተኝቷል ማለት ነው። ጥቂት ብቻ የተራመዱበት ቀን ደግሞ ኒሮ ነው፣ «ለዜሮ የቀረበ» እንደማለት። ለኔ ኒሮ ይበልጥብኛል። ጠዋት ትንሽ ተራምደሽ ከተማ ትገቢያለሽ፣ ቀኑን ሙሉ ታርፊያለሽ፣ የአንድ ሌሊት አልጋ ብቻ ትከፍያለሽ። ለዜሮ ግን ሁለት ሌሊት ማደር አለ።

ጥያቄ፦ ትሬይል ኔም፣ ማለትም የመንገድ ላይ ቅጽል ስም፣ ለራሴ ማውጣት እችላለሁ?

መልስ፦ ማን ይከለክልሃል? ግን አይጥምም። ስሙን የሚያወጡልህ ሌሎች ናቸው፣ ብዙ ጊዜም ከሠራኸው ሞኝነት ነው የሚወጣው። እኔ «ማንኪያ» ነኝ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሦስት ማንኪያ ጣልኩ። ሦስተኛው የጠፋ ቀን ማታ፣ በጉልበቴ ድስቷን ይዤ በድንኳን ካስማ ፓስታ ስጎትት አንዲት ሴትዮ አየችኝ። ምንም አላለችኝም። በማግስቱ ጠዋት መጠለያው ሁሉ «ማንኪያ፣ እንዴት አደርክ!» አለኝ። ያልወደድከውን ስም እምቢ ማለት መብትህ ነው። ለሳምንታት አብረውኝ ከተጓዙት መካከል እስከ ዛሬ እውነተኛ ስማቸውን የማላውቃቸው አሉ።

ጥያቄ፦ ዮጊ ማድረግ ማለት ልመና ነው ያለኝ አለ። እውነት ነው?

መልስ፦ ሐሜት ነው! ዮጊ የሽርሽር ቅርጫት የሚዘርፍ የካርቱን ድብ ነው፤ ቃሉ የመጣው ከሱ ነው። ጥበቡ ሳይጠይቁ ምግብ ማግኘት ነው። ከጠየቅክ ለመንክ፤ ዮጊ አይደለም። እንዲህ ነው፦ አንድ ቤተሰብ ጠረጴዛ ላይ ምሳ ዘርግቷል። አንተ ብዙም ሳትቀርብ ብዙም ሳትርቅ ትቀመጣለህ። የደረቀ ኑድልህን አውጥተህ ትክ ብለህ ታየዋለህ። ጫማህን ታወልቃለህ፤ ንፋሱ ወደነሱ የሚነፍስ ከሆነ ግን አታውልቅ። አባትየው «ከየት ነው የተነሳኸው?» ካለህ አለቀ። «ከጆርጂያ፣ በእግሬ» ትላለህ። ከዚያ በኋላ ሳንድዊቹ ራሱ ነው የሚመጣው።

ይህ ሁሉ የመጣው ከሃይከር ሀንገር ነው፣ ከጥቂት ሳምንት ጉዞ በኋላ የሚነሳ የማይጠግብ ረሃብ። ፔንሲልቬንያ ውስጥ፣ የመንገዱ እኩሌታ አካባቢ፣ ፓይን ግሮቭ ፈርነስ ሲደርሱ ግማሽ ጋሎን አይስክሬም በአንድ ቁጭታ የመጨረስ ልማድ አለ። ወደ 1.9 ሊትር ነው። ሞክሬ ሁለት ሦስተኛው ላይ እጄን ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ትሬይል መጂክስ?

መልስ፦ ያልጠበቅከው ደግነት። ውኃ፣ ፍራፍሬ፣ ከተማ የሚያደርስ መኪና። አድራጊው ትሬይል ኤንጅል ይባላል፤ መልአክ ነው በቃ። አንድ ቅሬታ ግን አለኝ፦ ሳጥን ሙሉ ምግብ ጫካ ውስጥ ትቶ መሄድ ደግነት አይመስለኝም። ድብ ይጠራል፣ ቆሻሻ ይተርፋል።

ጥያቄ፦ «ቢጫ ብሌዝ አደረገ» ብለው ሲስቁበት ሰማሁ። ምን አድርጎ ነው?

መልስ፦ መኪና ተሳፍሮ! ብሌዝ ዛፍ ላይ የሚቀባ ምልክት ነው። የአፓላቺያን ዋና መንገድ ነጭ ነው፣ 5 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን። ሁለት ተደራርቦ ካየህ መታጠፊያ አለ ወይም ልብ በል ማለት ነው። ሰማያዊው የጎን መንገድ ነው፤ በሱ የሚያቋርጠው ብሉ ብሌዘር ይባላል። ቢጫው ከአስፋልቱ መስመር የመጣ ቀልድ ነው። በታንኳ ከሆነ አኳ ብሌዝ፣ የወደዳትን ልጅ ተከትሎ ከሆነ ፒንክ ብሌዝ። ይሄኛው ብዙዎችን ከዕቅዳቸው በላይ አስኪዷል።

ጥያቄ፦ ልጄ ዛሬ ካውቦይ ካምፕ ነው የማድረው አለኝ። ፈረስ አለ እንዴ? እናት ነኝ፣ ያሳስበኛል።

መልስ፦ ፈረስ የለም እናቴ። ድንኳን ሳይተክል ሜዳ ላይ ሰማይ እያየ ያድራል ማለቱ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ከሆነ ደስ ይላል። እርስዎ ይልቅ ስለ ዊዶው ሜከር ይጠይቁት፣ «መበለት አድራጊ» ማለት ነው። ከመኝታ በላይ የተንጠለጠለ የደረቀ ቅርንጫፍ ወይም የሞተ ዛፍ ነው። ከመተኛትህ በፊት ቀና ብለህ ታያለህ ወይ ይበሉት።

ጥያቄ፦ ቤዝ ዌይት?

መልስ፦ ከምግብ፣ ከውኃና ከነዳጅ ውጭ ያለው የሻንጣ ክብደት። ከ4.5 ኪሎ በታች ከሆነ አልትራላይት ይባላል። የጥርስ ብሩሽ እጀታ የሚቆርጡት እነዚህ ናቸው። እኔ ግን ስለ ክብደት ክርክር ሲነሳ ኤማ ጌትዉድን ነው የማስበው። እ.ኤ.አ. በ1955፣ በ67 ዓመቷ፣ የ11 ልጆች እናት ሆና፣ ራሷ የሰፋችውን ከረጢት ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ በሸራ ጫማ መንገዱን ጨረሰች። ለብቻዋ።

ጥያቄ፦ ቫይታሚን አይ የት ይገኛል?

መልስ፦ ፋርማሲ። አይቡፕሮፌን ነው። በባዶ ሆድና በውኃ ጥም ላይ አትልመደው፤ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል።

ጥያቄ፦ ሃይከር ሚድናይት?

መልስ፦ «የተጓዦች እኩለ ሌሊት» ማለት ነው፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት። ከዚያ በኋላ የሚያወራ ሰው ይጠላል።

ጥያቄ፦ ክርክር ሲነሳ ሁሉም «ሃይክ ዮር ኦውን ሃይክ» ይላል። መልስ ነው?

መልስ፦ «የራስህን ጉዞ ተጓዝ» ማለት ነው። መኪና ብትሳፈር፣ ብትፈጥን፣ ብትተኛ ማንም አያገባውም። ካትሆል ላይ ግን አይሠራም። ካትሆል ሽንት ቤት በሌለበት የምትቆፍራት ጉድጓድ ናት። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ትጠልቃለች፣ ከውኃ፣ ከመንገድና ከካምፕ 60 ሜትር ትርቃለች። እሷን ያልቆፈረ ሰው «የራሴ ጉዞ ነው» ቢለኝ፣ ወንዙን የምንጠጣው ሁላችንም ነን እለዋለሁ።