የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሳሎኑ የሙዚቃ ቤት ሆነብን

ጥያቄ፦ ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ የምኖር ባለትዳር ነኝ። ከአባቴ የወረስኳቸውን ሸክላዎችና ካሴቶች በጥሩ ድምፅ ለመስማት ብዬ ከደመወዜ እያጠራቀምኩ የሸክላ ማጫወቻ፣ አምፕሊፋየርና ሁለት ትላልቅ ስፒከሮች ገዝቼ ሳሎን አስገብቻለሁ። ባለቤቴ ግን «ሳሎኑ የሙዚቃ ቤት ሆነ» እያለች ታማርራለች፤ ጓደኞቼም አንድ ዘፈን ሳያልቅ ወሬያቸውን ይጀምራሉ። ደስታዬን የሚጋራኝ ሰው አጣሁ። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ በደብዳቤዎ ውስጥ ባለቤትዎ ሙዚቃ ይጠላሉ የሚል ቃል አላገኘንም፤ ቅሬታቸው ስለ ሳሎኑ ነው። እነዚያን የሚያህሉ ስፒከሮች ከነሽቦአቸው ሲገቡ ቡፌው ተገፍቶ፣ ረከቦቱ ቦታ አጥቶ፣ ሶፋው ዞሮ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ሐሳባቸው ተጠይቆ እንደሆነ ግን አልገለጹልንም። ዋጋውንስ ነግረዋቸዋል? እንዲህ ባለው ጉዳይ ከድምፁ ይልቅ የተደበቀ ደረሰኝ ብዙ ቤት እንደሚበጠብጥ እንገምታለንና ካልነገሯቸው ሳይውሉ ሳያድሩ ይንገሯቸው።

ቀጥሎ ስፒከሮቹ የተቀመጡበትን ቦታ አብራችሁ ተመልከቱ። ስፒከር ከግድግዳ ጋር ሲጣበቅ፣ ይልቁንም ጥግ ውስጥ ሲወተፍ፣ ቤዙ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ፣ ያለ ልክ ይጎላል፤ ቀጭኑን ድምፅ መጋረጃና ምንጣፍ ሲውጡት ቤዝ ግን ግድግዳ አልፎ መኝታ ቤትና ጎረቤት ድረስ ይዘልቃል። ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ሲንጫጩ ከሰሙ ባለቤትዎን ያማረረውን ነገር በገዛ ጆሮዎ ሰምተዋል ማለት ነው። ስፒከሮቹን ከግድግዳው ሁለት ሦስት ስንዝር ያህል ያውጡ፤ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ክብ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ትክክል ትሁን፤ የሁለቱ ስፒከሮች ርቀትም እያንዳንዳቸው ከአድማጩ ካላቸው ርቀት ጋር ይቀራረብ። ያኔ ድምፁን ዝቅ አድርገውም ዘፋኙ ከመካከል ሲዘፍን ይሰማዎታል። ይህ የበለጠ ቦታ ይሻማል ካሉ፣ ሲያዳምጡ አውጥተው ሲጨርሱ መመለስ ወይም ትላልቆቹን ሸጦ በመደርደሪያ ላይ በሚቀመጡ ትናንሽ ስፒከሮች መተካት ይቻላል፤ ለአንድ መካከለኛ ሳሎን በእኛ አስተያየት ትናንሾቹ ይበቃሉ።

የድምፁን ልክ በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ያስቀመጠው መመዘኛ በ80 ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) በሳምንት 40 ሰዓት ማዳመጥ ነው፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ስለሚቀንስ በ89 ዴሲቤል የሚፈቀደው 5 ሰዓት ብቻ ይሆናል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የደሴ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ድምፅ ጨምሮ ከዝናቡ ጋር መፎካከር አያዋጣም፤ ዝናቡ እስኪያባራ ቡና ማፍላት ይሻላል።

ጓደኞችዎን በተመለከተ ግን ትንሽ እንሞግትዎታለን። የመጡት ለጨዋታ እንጂ ለኮንሰርት አይደለም፤ የአምፕሊፋየሩን ዋትና የሽቦውን ውፍረት ሲያብራሩላቸው ቢያዛጉ አይፈረድባቸውም። ከሙሉ ምሽት ጸጥታ ይልቅ የአንድ ዘፈን ጸጥታ ይጠይቋቸው። አንድ የአምባሰል ዜማ መጀመሪያ በስልክ፣ ቀጥሎ በእርስዎ መሣሪያ ያሰሟቸው፤ በስልኩ የጠፋው የማሲንቆ ጭራ ፍትጊያና ዘፋኟ በስንኞች መካከል የምትስበው ትንፋሽ ሲሰማ ማንም ሳያዛቸው ዝም ይላሉ። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በወሎ ቦታዎች ስም የሚጠሩ ስለሆኑ ጨዋታው ከዚያ ተነስቶ ወደ ሠርግና ወደ አገር ቤት ትዝታ መሄዱ አይቀርም፤ ወሬው ስለ ዘፈኑ ከሆነ ምን ይጎድልብዎታል? ደግሞም ሁልጊዜ የእርስዎ ምርጫ ብቻ አይሰማ። አንዱ ጓደኛዎ የሚወደውን የመንዙማ ካሴት፣ ሌላውም የወጣትነት ዘመኑን ዘፈን ይዞ ይምጣ።

በአገራችን በ1960ዎቹ ከታተሙት ሸክላዎች አብዛኞቹ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ፣ በአንድ ገጽ አንድ ዘፈን የያዙ ትናንሽ ሸክላዎች ስለሆኑ በየጥቂት ደቂቃው የሚነሳና የሚገለብጥ ሰው ይፈልጋሉ። ይህን ሥራ ለራስዎ ብቻ አያድርጉት። ቡናው ሲፈላ ቀጣዩን ዘፈን ባለቤትዎ ይምረጡ፤ ሸክላው በጠርዙ እንደሚያዝና መርፌው ቀስ ብሎ እንደሚወርድ አንድ ጊዜ ያሳዩዋቸውና ራሳቸው ያጫውቱ። መርፌ ቢበላሽ የሚተካ ዕቃ ስለሆነ «አትንኪው» የሚለውን ቃል ከዚህ በኋላ ባይናገሩት እንመክራለን። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲልዎት ደግሞ የጆሮ ማዳመጫ ይጠቀሙ።